ጉዳዩ፦ ያለ ማስረጃ «የቃጠሎ ወንጀል ነው» ተብሎ የታገደ የካሳ ክፍያን ይመለከታል

ለመድን ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

በቀፊራ የሚገኘው፣ እናንተ ዘንድ የእሳት መድን የተገባለትና የተቃጠለው የደንበኛዬ የጨርቅና የምንጣፍ ሱቅ ፋይል በእጃችሁ ስላለ ከመጀመሪያው አልተርክም። የውሉ፣ የእሳት አደጋ መከላከያውና የፖሊስ ማስረጃው ኮፒ ጠፋብን እያላችሁ ሦስት ጊዜ አስገብተናል። አሁን የምጽፈው ባለፈው ሰኞ በካሳ ክፍላችሁ ስለተነገረው ቃል ነው።

ሐሙስ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ ለደንበኛዬ «ሰኞ ጠዋት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንሰጥዎታለን» አሏቸው። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተገኘን። እስከ 5 ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ቆምን። ከዚያ ኃላፊው ብቅ ብለው፣ ወረቀት ሳይሰጡን፣ «ነገሩ የቃጠሎ ወንጀል ስለሚመስል ክፍያው ታግዷል» አሉ። በምን ማስረጃ ብዬ ስጠይቅ እኔን ትተው ወደ ደንበኛዬ ዞሩና «ካላቃጠሉት አለማቃጠልዎን ያስረዱ» አሏቸው። እናታቸው ሊሆኑ ለሚችሉ ሴት፣ ባለጉዳይ ሁሉ እየሰማ። ጽሑፉን ስንጠይቅ «ይደወልላችኋል» ተባልን። እስከ ዛሬ አልተደወለም።

ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ «የቃጠሎ ወንጀል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ ያውቃል?

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ሕጋዊ (የሚቀጣ ድንጋጌ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (ሐሳቡ) ፍሬ ነገሮች በአንድነት ካልተሟሉ ወንጀል የለም። በሕጋዊው አንከራከርም፤ እሳት መለኮስን የሚቀጣ ድንጋጌ አለ፣ የራስን ንብረት ማቃጠልንም ይጨምራል። ግዙፋዊው ፍሬ ነገር ግን ሱቅ መቃጠሉ አይደለም፤ ሰው እሳቱን መለኮሱ ነው። ማን፣ በምን፣ ከየት በኩል? ፖሊስ የያዘው ተጠርጣሪ የለም። ሞራላዊው ፍሬ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ድንጋጌው የሚፈልገው በተንኮል ወይም በሰውና በንብረት ላይ የወል አደጋ ለማድረስ አስቦ መለኮስን ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ቬንትሌተሩን ሳያጠፉ ሱቅ ዘግቶ መሄድ፣ መብራቱ ሌሊት ተመልሶ ሞተሩ ቢነድ እንኳ፣ ቢበዛ ቸልተኝነት ነው። የንግድ ሕጉ መድን ሰጪን ነጻ የሚያወጣው መድን ገቢው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለቸልተኝነቱ አይደለም። የእሳት መድን የሚገባው ለዚሁ አይደል?

ጉዳቱን የመረመሩት ገማቻችሁ ደግሞ «ቤንዚን ተረጭቷል» ያሉት በሦስት ምልክት ነው፤ የሊሾው መፈረካከስ፣ በወለሉ ላይ የታየው ኩሬ መሳይ ጥቁረትና የመስታወቱ መሰነጣጠቅ። ሲሚንቶ የሚፈረካከሰው በውስጡ ያለው እርጥበት ሲግልና ሲለጠጥ ነው፤ ቤንዚን አያስፈልገውም። የጋለ መስታወት የማጥፊያ ውሃ ሲያርፍበት ይሰነጣጠቃል። ጥቁረቱም ቢሆን፣ ጣሪያ ሥር የታመቀው ትኩስ ጋዝ ክፍሉን ባንድ ጊዜ ሲያቀጣጥለው ምንጣፍ የለበሰ ወለል ምንም ሳይረጭበት እንዲሁ ተዥጎርጉሮ ይቃጠላል።

ናሙናው የተያዘበት መንገድ ከዚህም የባሰ ነው። ገማቹ የመጡት እሳቱ ከጠፋ በ9ኛው ቀን ሲሆን፣ የተቃጠለውን ምንጣፍ በተራ ፌስታል ቋጥረው ወሰዱ። የነዳጅ ትነት በፌስታል ውስጥ ያልፋል፤ ከውጭም ይገባል። ናሙና የሚያዘው ጥብቅ ክዳን ባለው ንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ወይም ምንም ባልገባበት አዲስ ቆርቆሮ ነው። ካልተቃጠለው ምንጣፍም ማነጻጸሪያ ይቆረጣል፤ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ሲነድ ራሱ ከነዳጅ ጋር የሚመሳሰሉ ኬሚካሎች ያወጣልና። ማነጻጸሪያ አልተወሰደም። ብሬከሩና ጫፉ ቀልጦ እንደ ዶቃ የተንጠለጠለው የቬንትሌተሩ ሽቦ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ዶቃው ብቻውን መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ እንደነበረ ግን ይጠቁማል። ገማቹ ቀና ብለው አላዩትም።

«አለማቃጠልዎን ያስረዱ» የሚለውን ቃል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(3) ለተከሰሰ ሰው እንኳ አይፈቅድም፤ ደንበኛዬ ደግሞ አልተከሰሱም። የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ሰው በወንጀል ነጻ በመባሉ አይገደድም ብላችሁ እንደምትከራከሩ አውቃለሁ። ልክ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን «ሆን ብለው አቃጠሉ» የሚል ወገን ማስረዳት አለበት፤ ያ ወገን እናንተ ናችሁ።

ዓረቦን (የመድን መዋጮ) የሚከፈልበት ቀን አንድ ቀን ሲያልፍ ሁለቴ የምትደውሉ ሰዎች፣ ለዚህ ጉዳይ ስልክ ስናነሳ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት ሌላ መልስ የላችሁም። የመድን ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ሁለታችንም ስለምናውቅ በቀጠሮ አልጠብቅም።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ውሳኔ፣ የገማቹ ሙሉ ሪፖርትና የናሙናው አያያዝ መዝገብ ይሰጠን። ሽቦውንና ብሬከሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እኛ ባለንበት፣ ይመርምራቸው። ኃላፊው ደንበኛዬን በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። ይህ ካልሆነ ተቆጣጣሪያችሁ ለሆነው ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ አቀርባለሁ፤ ዋናውን ገንዘብ ከነወለዱና ከነወጪው በክስ እጠይቃለሁ። እስከዚያ ሱቁ እንደተቃጠለ ይቆያል፤ ቁልፉ ከደንበኛዬ ዘንድ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የመድን ገቢዋ ጠበቃ

ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ መምሪያ