የሥነ ምግብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የጾም ምግብ ሽሮ ብቻ ነው?

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሥራ ሲጀምር ለ34 አባሎቻችን አንድ አንድ ወረቀት አደልኩ። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይገባበትን የምታውቁትን ምግብ ሁሉ ጻፉ» አልኳቸው። አብዛኞቹ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ብለው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ፓስታ በስጎ የጨመሩም ነበሩ። ሰኔ ላይ ግን የክበቡ መዝገብ 71 ምግብ ከነአሠራሩ ይዟል። ከማን ቤት እንደመጣም ተጽፏል። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ የሚጠራጠር ገልጦ ይቁጠር።

ይህን የምለው ያለምክንያት አይደለም። ክበቡ ሲቋቋም በመምህራን ስብሰባ ላይ «የጾም ምግብ እያላችሁ የአንድ ሃይማኖት ክበብ አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «ወጥ መሥራቱን እናቶቻቸው ያስተምሯቸው የለም ወይ?» ያለም አለ። የመጀመሪያውን ወደ ታች እመልሰዋለሁ። ለሁለተኛው ግን መልሴ አጭር ነው፤ እናቶች ከሥራ ሲገቡ መሽቷል፣ አያቶች ደግሞ አገር ቤት ናቸው። ከ34ቱ ልጆች ስልጆ የቀመሱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ባቄላውና ሱፉ ከገበያ አልጠፋም፤ የጠፋው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚያብላላው ሰው ነው።

መደበኛ ስብሰባዎቻችንን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ስናደርግ ቆይተናል። ሁለቱ በፈተና ምክንያት ቀርተዋል።

ኅዳር ላይ ሾላ ገበያ ወረድን። ተሽከርካሪ ስላልተገኘ ሁሉም በየራሱ የታክሲ ሒሳብ ነው የሄደው። ሥራቸው የጥራጥሬና የቅባት እህል ዓይነት እየጠየቁ መመዝገብ ነበር፤ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ማሾ፣ ግብጦ፣ አብሽ፣ ከዚያ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሱፍ። አንዱ ልጅ ማዕዘን ያለውን ፍሬ እፍኝ አድርጎ «እማማ፣ ይሄ አተር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባለ እህሏ ከእጁ ወስደው አንዷን ፍሬ በጥፍራቸው እየገለበጡ አሳዩት። «አይ ልጄ፣ ጓያ ነው። ርካሽ ነው ብለህ እሱን ብቻ አትብላ፣ እግር ይይዛል» አሉት። ትክክል ናቸው። ጓያ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ፤ ሌላ እህል በጠፋ ጊዜ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን ትምህርት እኚህ እናት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ልጆቹም ምግብን ማፈራረቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በኋላ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሳይንሱንም አልዘለልነውም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ግን ሞልቶታል፤ እንጀራ በሽሮ ስንበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አዚፋ ላይ የሚጨመቀው ሎሚም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሰውነታችን ከምስሩ ብረት እንዲወስድ ያግዛል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ የምንወስደውን ብረት ይቀንሰዋል። የጋበዝናት ነርስ አንድ ነገር ሳትደብቅ ነግራናለች። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም፤ ጾሙን ጨርሶ የሚፈስክ ሰው ከእንስሳት ምግብ ያገኘዋል፣ ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ግን በቫይታሚኑ ከበለጸገ ምግብ ወይም ከክኒን ማግኘት አለበት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። መጋቢት ላይ የ9ኛ ክፍል ሙስሊም አባላችን እናቷ ለአፍጥር የምትሠራውን የምስር ሳምቡሳ ልታሳየን ተራዋ ደረሰ። ቂጣውን በስሱ ዳምጣ ምጣድ ላይ ለብ ለብ አደረገችው፣ ቆረጠችው፣ በቀጭን ሊጥ እያጣበቀች ሦስት ማዕዘን አጠፈችው። ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት ምስር ሲሸት ክፍሉ ጸጥ አለ። ጨው የሚቀምስ ግን ጠፋ! እሷ ጾመኛ ናት፤ ሰዓቱ ገና 8 ተኩል ስለነበር ሁዳዴ የያዙትም 9 ሰዓት አልሞላላቸውም። በመጨረሻ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጣ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ማንኪያ ተሰጠው።

«አንሷል» አለ።

«ምን ያህል?»

«ትንሽ።»

በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረች፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ደግሞ ጨመረች። ሦስተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀ።

9 ሰዓት ሆነ። ሳምቡሳው ትኩስ ነው፣ ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ማንም እጁን አልዘረጋም። አንዷ ከደብተሯ ወረቀት ገንጥላ የራሷን ድርሻ ጠቀለለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ ለሠሪዋም አራት ጠቅልለው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱላት። ቀማሻችንም ሳይቀር የራሱን ይዞ ሄደ። እኔ አላዘዝኳቸውም። 19 ዓመት ሳስተምር እንደዚያች ሐሙስ ተማሪዎቼን ያከበርኩበትን ቀን አላስታውስም። «የአንድ ሃይማኖት ክበብ» ላሉት ባልደረቦቼ መልሴ ይህ ነው።

ያልተሳካልንም አለ። በኮንሶ ቅጠሉ የዕለት ምግብ የሆነውን ሽፈራው በግቢያችን ተክለን ነበር፤ ቆላ የለመደ ተክል ነውና ብርዱ ጨረሰው። በቦታው የተከልነው የሐበሻ ጎመን ግን ሁለት ጊዜ ተሸልቅቋል። አንድ ስብሰባ ደግሞ መብራት ሄዶብን ክኩ ሳይበስል ተበትነናል።

ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በቤተ ሙከራው ጥግ፣ ከአንዲት ባልደረባዬ በተዋስነው አንድ ምድጃ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ መለያ ስላገኘ ደስ ብሎኛል፣ ይገባቸዋልም። የእኛ ክበብ ግን ከትምህርት ቤቱ በጀት ያገኘው ሁለት ደርዘን ደብተር ብቻ ነው። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ለ2018 እንዲያስብልን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሁለት የጋዝ ምድጃ፣ ሦስት ድስት፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን።

መስከረም ላይ በግብጦ እንጀምራለን። ምሬቱ እስኪወጣ ውኃው እየተቀየረ ለቀናት መዘፍዘፍ ስላለበት፣ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ ያላችሁ ወላጆች ከወዲሁ ብትልኩልን እናመሰግናለን።