ሐሰተኛ ሆኖ ስለተገኘ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለኮምፒውተር መሸጫና ጥገና ሱቁ ባለቤት
ፒያሳ

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 25 የገዛሁት ግራፊክስ ካርድ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በተጠቀሰው ቀን ከሱቅዎ አንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል ሠርቶ ወደ ሞኒተር የሚያወጣውን ዕቃ) በ11,000 ብር ገዝቻለሁ። ሠራተኛዎ በእጁ የጻፈልኝ ደረሰኝ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ የ1 ሳምንት ዋስትና» ይላል። ፎቶ ኮፒውን አያይዣለሁ፤ ዋናው እኔ ዘንድ ነው።

ዕቃውን የገዛሁት ለእህቴ ልጅ ነው። 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ እናቱን ሲያስጨንቃት ስለከረመ «ከአስር ውስጥ ከወጣህ ቤትህ ሆነህ የምትጫወትበት ኮምፒውተር እሠራልሃለሁ» አልኩት። ሰኔ ላይ 6ኛ ወጥቶ ሰርተፊኬቱን ይዞልኝ መጣ። እኔ በሹፍርና የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አዲስ ለመግዛት አቅሜ ስለማይፈቅድ እስከ ታኅሣሥ ድረስ አንድ አንድ ዕቃ ሳጠራቅም ቆየሁ። ቢሮ ሲያገለግል የኖረ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ባለ አይ5-3470፣ በ13,500 ብር፤ ባለ 4 ጊጋ ራም ጨምሬ 8 ለማድረስ 1,200፤ ኤስኤስዲ 2,800። ሞኒተሩን ዘመድ በነፃ ሰጠኝ። የቀረው የእርስዎ ካርድ ብቻ ነበር።

1050 ቲአይን የመረጥኩት ዝም ብዬ አይደለም። የዴሉ ፓወር ሳፕላይ 275 ዋት ብቻ ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ይህ ካርድ ግን ከ75 ዋት ስለማያልፍ አብዛኛው ዓይነቱ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ ይሠራል። ሠራተኛዎ ያመጣልኝ ካርድ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ስለነበረው ጠየቅሁት። «ችግር የለም» ብሎ ሁለት የሃርድዲስክ ገመድ ወደ አንድ የሚያገናኝ ማስማሚያ በነፃ ጨመረልኝ። ከኋላው የቪጂኤ ቀዳዳ (የአሮጌ ሞኒተር ገመድ የሚሰካበት) ስላየሁ ደግሞ ለአሮጌው ሞኒተር ሌላ ወጪ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በ1050 ቲአይ ትውልድ ካርዶች በቪጂኤ የሚወጣው የአናሎግ ምስል መቅረቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ስወጣ ሠራተኛዎ «ድራይቨሩን አፕዴት እንዳታደርግ» አለኝ፤ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ማለቱ ነው። ያኔ ምክር መስሎኝ ነበር።

ለገና ሰጠሁት። ሁለት ቀን የኳስ ጨዋታው እየተንቀራፈፈም ቢሆን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ልጁ አፕዴት የሚለውን ነካ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ኬዙን ስከፍተው ማስማሚያው ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነበር። በነጋታው፣ ጥር 2፣ ካርዱን ይዤ መጣሁ፤ ከገዛሁት ገና ሰባተኛ ቀኑ ነበር። «አሁን እንግዳ በዝቷል፣ ከጥምቀት በኋላ ና» አላችሁኝ። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ምን እንደምትመስል አውቃለሁና ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ ተመለስኩ። ጥር 15 ስመጣ ግን ሳምንቱ አልፏል ተባልኩ። ቀጥሎ መብራት ነው ያቃጠለው ተባለ፤ በመጨረሻም ልጁ ነው ያበላሸው።

ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ የድሮውን ድራይቨር መልሶ ጭኖ ጂፒዩ-ዚ በሚባል የግራፊክስ ካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም ፈተሸልኝ። ፕሮግራሙ ከካርዱ ስም ፊት «ፌክ» (ሐሰተኛ) ብሎ ጻፈ። ማቀዝቀዣውን ሲያነሣው ቺፑ ላይ ጂኤፍ106 የሚል ታትሟል። ይህ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤስ 450 የሚባለው የቆየ ካርድ የተሠራበት ቺፕ ነው። እውነተኛው 1050 ቲአይ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 768 ኮር (ምስሉን የሚያሰሉ ክፍሎች) ያለው ነው፤ ይኼ 192 ብቻ አለው። ሜሞሪውም 1 ጊጋ እንጂ 4 አይደለም። ኃይሉን ግን እስከ 106 ዋት ይበላል፤ የሃርድዲስክ ገመዱ ለምን እንደሸተተ ያን ጊዜ ገባኝ። ዊንዶውስ «1050 ቲአይ» እያለ ያሳየኝ የነበረው አንድ ሰው ባዮሱን፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ የተጫነውን መነሻ ፕሮግራም፣ ስለቀየረው ነው። ስሙን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ባዮሱ ነውና። ትክክለኛው ድራይቨር ሲመጣ ግን ውሸቱ አላስኬደውም።

አሮጌ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት፣ በዚያ አልከሰስዎትም። ስንት ዓመት ያገለገለ ዲናሞና ሞተርኖ እያስገጠምኩ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ያገለገለ ዕቃ ቢበላሽ ዕድሌ ነው እላለሁ። ባዮስ ቀይሮ መሸጥ ግን በእኛ ሙያ የሻንሲ ቁጥር ፍቆ ሌላ እንደመምታት ነው፤ እሱ ደግሞ ወንጀል ነው። ምናልባት እርስዎም ያመጡበት ቦታ ተታልለው ይሆናል። ነገር ግን «አፕዴት እንዳታደርግ» ያለው ሰው ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ አይመስለኝም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለው መሆኑን ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድደዋል። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ውላችን ደረሰኙ ላይ አለ። የሳምንቱን ጉዳይም ቢሆን እኔ በቀኑ መጥቻለሁ፤ የመለሳችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ 11,000 ብሬን እስከ ጥር 30 እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በምትኩ ሌላ ካርድ አልፈልግም። መደርደሪያዎ ላይ በተመሳሳይ ካርቶን የተቀመጡ ሁለት ሌሎች አይቻለሁ፤ ለሌላ ሰው ከመሸጣቸው በፊት አንሥተው ያስፈትሿቸው። ካልሆነ ካርዱን፣ ደረሰኙንና የፍተሻውን ፎቶ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሠራተኛዎ «ልጁ ነው ያበላሸው» ሲል ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩን አይነካም፤ ለትምህርቱ እንኳ ክፈተው ስለው «አጎቴ፣ እንዳላበላሸው» ይለኛል። ገንዘቡን ልቀበል ስመጣ ይዤው እመጣለሁ፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛዎ