ይድረስ ጅግጅጋ ላለችው እህት ዓለም

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሁንም እዚያው አሸዋ ሜዳ ነኝ። መንደሩን ብታዪው አታውቂውም፤ ያ ሁሉ የእርሻ ማሳ ቤት ሆኗል። ጅቡ ግን አልሄደም። ሌሊት ሌሊት አሁንም ይጮሃል።

ሁለት ዓመት ሙሉ የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አፍሬ ነው። ያን ቀን ደውለሽ፣ «ጎረቤት ግቢ ውስጥ የአቦሸማኔ ደቦል በገመድ አስረዋል። ሌሊቱን እንደ ጫጩት ስትጮህ አደረች። ለማን ልናገር?» ስትዪኝ የመለስኩልሽን አልረሳሁትም። «ሰው በሚራብበት አገር ለአውሬ ታለቅሻለሽ?» አልኩሽ። ዝም አልሽ። ከዚያ ቻው ተባብለን ዘጋን። አንቺም ደግመሽ አላነሳሽው፣ እኔም አልጠየቅኩሽ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ እንግሊዝ አገር ያለችው የወንድሜ ልጅ አንድ ፖስታ ላከችልኝ። የአንበሳ ፎቶ፣ ስሜ የተጻፈበት የምስክር ወረቀትና ትንሽ የአንበሳ አሻንጉሊት አለበት። «አክስቴ፣ በስምሽ አንበሳ በማደጎ ወስጄልሻለሁ» ትላለች። ምን ማለት እንደሆነ ደውዬ ጠየቅኳት። አንበሳው ቤትሽ አይመጣም። ባለበት መጠለያ ይኖራል። የምትሰጪው ገንዘብ ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ሥጋ፣ መድኃኒትና አጥር ይሆናል። እንዴት እንደሆነም ይጽፉልሻል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም እኮ! የክርስትና ልጅ ማለት ነው። ቤትሽ አያድርም፤ ቢታመም ግን ያገባሻል።

ድርጅቱ ቦርን ፍሪ ይባላል። እዚሁ አጠገቤ፣ ሆለታ አካባቢ፣ እንስሳ ኮቴ የሚባል መጠለያ አለው። 77 ሄክታር ነው። በአምቦ መንገድ ስመላለስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ! ቲኬት ቆርጠሽ የምትገቢበት አይደለም። ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ።

አንድ አጥር አጠገብ ቆሜ ሳለ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወፍ ናት ብዬ ወደ ዛፉ ቀና አልኩ። ምንም የለም። ዝቅ ብዬ ሳይ አቦሸማኔ ናት። ሣሩ ላይ ተጋድማ፣ ከዓይኗ ጥግ እስከ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር እንባ መስሎ፣ አፏን ትንሽ ከፈት አድርጋ እንደ ጫጩት ትጮሃለች። አቦሸማኔ አያገሳም ለካ። እህቴ፣ ያኔ ስልክ ላይ የነገርሽኝ ድምፅ ይህ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

መጠለያው ካሉት አቦሸማኔዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከእናንተ በኩል ነው። ደቦሎቹን ከእናታቸው ነጥቀው በሶማሌላንድ አሻግረው፣ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ይወስዷቸዋል፤ የሀብታም ቤት ማጌጫ ሊሆኑ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተረፉትም በወተትና አጥንት በሌለው ሥጋ ብቻ ስለሚቆዩ አጥንታቸው ይልፈሰፈሳል። በዓለም ላይ በዱር የቀረው አቦሸማኔ እኮ 7,000 ገደማ ብቻ ነው።

«ከዳኑ በኋላ ለምን አይለቋቸውም?» ትዪኝ ይሆናል። እናትየዋ ልጆቿን አድኖ መብላት የምታስተምረው እስከ አንድ ዓመት ተኩል አብራቸው ቆይታ ነው። ያን ያላገኘ ደቦል ዱር ቢለቁት በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን፣ 10 ዓመትም 12 ዓመትም፣ መቀለብ አለበት። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ የሚሻለውም ለዚህ ይመስለኛል። አውሬው የሚበላው ዕለት ዕለት ነው።

ዶሎ የሚባል አንበሳም ነበራቸው። ያገኙት ሶማሊያ ድንበር አጠገብ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ሰንሰለቱ አንገቱን ሲፈትገው ኖሮ ጋማውን በልቶት ነበር። ተፈትቶ ሣር ላይ የሚሄድበት ሰፊ ቦታ አገኘ።

የዕድሬን አላቋረጥኩም፤ ለተቸገረ ሰው የምሰጠውም አልቀነሰም። ለእንስሳ ማዘን ከሰው ላይ የሚቀነስ አስመስዬ ነበር የተናገርኩሽ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። «ለማን ልናገር?» ላልሽውም መልስ ነበረው። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለፖሊስ ይነገራል። እነሱ የወረሷቸው እንስሳት ናቸው እንስሳ ኮቴ የሚገቡት። ያን ቀን ጠይቄ ልነግርሽ እችል ነበር።

የወንድሜ ልጅ የከፈለችው ሲያልቅ ከራሴ ላሳድሰው ነው። አሁን ግን አቦሸማኔ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ወረቀቱ ላይም ስምሽ ከስሜ ጋር ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ካልፈለግሽ ግን ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ለፋሲካ አዲስ አበባ ከመጣሽ ቀጠሮ እይዝልሻለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።

ያቺ ደቦል ግን ምን ሆነች? ያኔ ያልጠየቅኩሽን ዛሬ ልጠይቅሽ። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ