የአውቶሞቲቭ ክበብ፦ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ ስንከተል

ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግሜ የተጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ «ያቺ መኪና ዛሬም ታንጠባጥባለች?» አዎ፣ ታንጠባጥባለች። ከየት እንደሆነ ግን 14ቱም አባሎቻችን ዓይናቸውን ጨፍነው ይነግሯችኋል። ዓመቱ ሲጀመር አንዳቸውም አያውቁም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

የኮሚቴ ምርጫውንና የሐሙስ ስብሰባዎቹን እዘላቸዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ተይዟል፣ የፈለገ ያያል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ባመዛኙ የሞተር ክፍሎችን በሰሌዳ ላይ በመሳል አለፈ፤ የሚፈታ ሞተር አልነበረንም። ኳስ የሌለው የእግር ኳስ ቡድን ማለት ነው። በጥያቄ ደብዳቤያችን ላይም ይህንኑ ጽፈናል፤ መልሱን አሁንም እየጠበቅን ነው።

ሞተሩ የመጣልን ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በስብሰባ ላይ ድምጿ እምብዛም አይሰማም። አንድ ሐሙስ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረችና ከቦርሳዋ የታጠፈ ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ካርቶኑ በዘይት ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ በእያንዳንዱ ነጠብጣብ ዙሪያ በእስክሪብቶ ክብ ተሠርቶ ቀን ተጽፎበታል። አያቷ ማታ ማታ በቮልስዋገናቸው ሥር የሚያነጥፉት ካርቶን ነው። «መምህር፣ መሃል ላይ ያለው ቦታውን አይለቅም» አለችኝ፤ «የቀኙ ግን ሩቅ ሄደው በተመለሱ ማታ ይበዛል።» ማንም አላዘዛትም። እኔ ለክበቡ ካወጣሁት ዕቅድ ይልቅ ያ ካርቶን የተሻለ ዕቅድ ነበር።

በወላጆች ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው መሄድ ጀመርን። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች ቮልስዋገን ቢትል ናት። የዚህ ዓይነቷ የመጨረሻዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል፤ ስለዚህ የተማርነው ነገር ለአንድ ግቢ ብቻ የሚሆን አይደለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ በመሆኑ ትንሽ ትንሽ እየተባለ የሚጠፋው ቶሎ ይጎዳታል።

ወደ ስህተታችን ልምጣ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ጠብታው ተንጠልጥሎ የታየው ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጣሪያ ወንፊት ክዳን ላይ ነበር። ከጠንካሮቹ ልጆቻችን አንዱ ቁልፍ አነሣና ስድስቱን ዳዶዎች አጠበቃቸው። የሚጠብቁበት ልክ 7 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ቁልፉን በሁለት ጣት መያዝ ይበቃል። የሞተሩ አካል ደግሞ ማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ለስላሳ ነው። የአንዱ ቡሎን ጥርስ ተበላ፣ ክዳኑም ጎበጠ። የብረታ ብረት መምህራችን ቀዳዳውን አስፍተው አዲስ ጥርስ ባያስገቡለት ኖሮ ይህ ዘገባ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ጠብታውም አልቆመም።

ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ማሰብ የጀመርነው። ዘይት ቁልቁል ይወርዳል፣ የማራገቢያው ንፋስም ይገፋዋል፤ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደሉም። የዘይቱ መጠን ከልክ አለማለፉን፣ የሞተሩ መተንፈሻ አለመደፈኑን አየን፤ ትንፋሹ የታፈነ ሞተር ደህናውን ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ) ሳይቀር ያስተፋዋል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥበን አደረቅንና የሕፃናት ፓውደር ነፋንበት። 10 ደቂቃ አስነሥተን አጠፋነው። ባለካርቶኗ ልጅ የእጅ ባትሪና ትንሽ መስተዋት ይዛ መሬት ላይ ተኛች። ከክዳኑ ጀምራ በነጩ ፓውደር ላይ ያለውን እርጥብ መስመር ወደ ላይ እየተከተለች በቀኝ በኩል ካሉት የፑሽሮድ ቱቦዎች (ቫልቭ የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው) ጫፍ ላይ ደረሰች። የቱቦዎቹን ጫፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል።

ከቱቦዎቹ ሥር የመኪናዋ ማሞቂያ አለ። የሚፈሰው ዘይት በጋለው ብረት ላይ እያረፈ ይጨሳል፣ ሽታውም ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን ስትረዳ ከመኪናው ሥር ወጣች፤ ፊቷ በፓውደር ነጭ ሆኗል። አያቷን «አባባ፣ መስኮት ከፍተው የሚነዱት ለዚህ ነው?» አለቻቸው። እሳቸው ለብዙ ዓመታት በብርድም ቢሆን መስኮት ከፍተው ነው የሚነዱት። «እርጅና ይሸታል ብዬ ነበር እኮ ልጄ» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ መፍቻ የምፈልግ መስዬ ወደ ሳጥኑ ዞርኩ።

ሞተሩን ለማውረድ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን፤ አንደኛው ያለ ሥራ ነው ያለፈው። ክሪክ ነበረን፣ የተነሣውን መኪና ደግፎ የሚይዝ ማቆሚያ ግን አልነበረንም፤ እኔም በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ልጅ አላስገባም። ፈሪ ያላችሁኝ ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተውሰን መጣን። የደረቀ ጎማ ቀኝና ግራ አይመርጥምና ሁለቱንም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አንሥተን 8ቱን ቱቦዎች አጸዳን፣ 16ቱንም ጎማዎች ቀየርን። ቱቦዎቹ ጫፋቸው እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ስለሆነ ከመገጠማቸው በፊት ወደ 190 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሳባሉ፤ አለዚያ ጎማውን ገፍተው አይዙትም። ስፌታቸው ወደ ላይ ይሆናል። የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በ0.15 ሚሊ ሜትር ያስተካከሉት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ቆሜ ነው ያየሁት።

የመሃሉ ጠብታ ግን ቀርቷል። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ከቮላኖው (በሞተሩ ጫፍ ከሚሽከረከረው ከባድ የብረት ክብ) ጀርባ እርጥበት አይተናል። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን የድኝ ሽታ ይኖረው ነበር፤ አልሸተተም፤ ስለዚህ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የክራንክሻፍቱ፣ ኦይል ሲል ነው። እሱን ለመቀየር የቮላኖውን ትልቅ ዳዶ መፍታት፣ ከዚያም 300 ኒውተን ሜትር አካባቢ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የተዋስነው ቶርክ ሬንች (ጉልበት እየለካ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ከዚህ ግማሹን እንኳ አይደርስም። በግምት እንዝጋው ያሉ ነበሩ። የወንፊቱን ክዳን አስታወስኳቸው።

ሞተሩን መልሰን ከገጠምን በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ልጅቷ አዲስ ካርቶን ይዛ መጣች። በስተቀኝ ንጹሕ ነው። መሃል ላይ አንዲት ነጠብጣብ አለች፣ ተከባ ቀን ተጽፎባታል። ካርቶኑ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ጎራ ያለ ያየዋል። ትልቅ ቶርክ ሬንች ወይም ሁለት የመኪና ማቆሚያ ያለው ሰው ደግሞ ይዞ ይምጣ። ፈርመን እንረከባለን።