ሲሊንደሩን አታጋድሙት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጣና ዳር የብረት ጀልባ በመጠገን 22 ዓመት የሠራሁ በያጅ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጋራዥ ስገባ አሲቲሊን የሚባለው የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር እንደ ግንድ ተጋድሞ፣ አንድ ልጅ ተቀምጦበት ሻይ ሲጠጣ አየሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

አሲቲሊን ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ሙቀቱ ከ3000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ ብረት እንደ ቅቤ ይቀልጥለታል። ታምቆ ሲጨናነቅ ግን አየር ሳይነካው፣ በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ ነው ሲሊንደሩ ውስጥ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጠጣር ነገር ተሞልቶ፣ ጋዙ አሴቶን በሚባል ፈሳሽ ሟሙቶ የሚቀመጠው። ሲጋደም አሴቶኑ ከጋዙ ጋር እየወጣ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ተጋድሞ የቆየውንም አቁሞ ወዲያው መክፈት አይገባም።

ካርባይድ ላይ ውሃ እያፈሰስን ይህንኑ ጋዝ እያወጣን ያደግን ሰዎች ያንን ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ አንረሳውም። የሚሸተው ከካርባይዱ ቆሻሻ የሚመጣው ነው እንጂ ንጹሑ ጋዝ እምብዛም አይሸትም፤ ስለዚህ አፍንጫን ብቻ ማመን ሞኝነት ነው። ቱቦ በመዳብ የሚቀጥሉ ደግሞ አሉ! አሲቲሊን ከመዳብ ጋር ሲቆይ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ውሁድ ይፈጥራል።

ልጁን አስነሥቼ ሲሊንደሩን አቁመን ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት አሰርነው። ሻዩ ስለ ቀዘቀዘበት ሌላ ገዛሁለት።

በያጁ፣ ከባሕር ዳር