ስለ ፒሲኤው ጉዳይ፣ ለእማዬ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የድሬ ሙቀት ጀምሯል መቼም፤ አልጋው ወደ ግቢ ወጥቶ ይሆናል። እኛ እዚህ ሚኒያፖሊስ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ ያነሣሽውን ነገር በጥድፊያ መመለስ ስላልፈለግሁ ነው የምጽፍልሽ። ጎረቤታችን «አሜሪካ ብትሄጂ ልጅሽ አንቺን በመጦሯ መንግሥት ደመወዝ ይከፍላታል» ያሉሽ ከመሬት ተነሥቶ የተወራ አይደለም። እዚህ ያለው ሐበሻ «ፒሲኤ» የሚለው፣ ራሱን ለማይችል ሰው ቤቱ ውስጥ እየተከፈለ የማገዝ ሥራ ነው፤ በፈረንጅ 2024 ኦክቶበር ላይ ሚኒሶታ ሲኤፍኤስኤስ በሚባል መተካት ጀመረች፣ ሰው ግን የድሮ ስሙን አልተወም። ለአንቺ የነገሩሽ ግን መጨረሻውን ነው። ድሬ ሳቢያን ያለውን ቤትሽን በማንም ስም ከማዞርሽ በፊት መጀመሪያውንም ስሚው።

ገንዘቡ የሚመጣው ሜዲኬይድ ከሚባለው ነው። ከሜዲኬር ጋር ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታል። ሜዲኬር በአብዛኛው 65 ዓመት ለሞላው የሕክምና መድን ነው፤ የሚያጥበውና የሚያለብሰው ሰው ብቻ ለሚፈልግ አይከፍልም። ሜዲኬይድ ገቢና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው ነው፤ ፒሲኤ የሚከፈለውም ከዚያ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በፈረንጅ 1996 በወጣው ሕግ መሠረት ልጁ ስፖንሰር አድርጎት በግሪን ካርድ የገባ ወላጅ ለ5 ዓመት የፌዴራል ሜዲኬይድ አያገኝም። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ሲሆን የሚከፈልበት መንገድ አለ፤ ገላ ማጠብና ከአልጋ ማንሣት ግን ድንገተኛ አይባልም። 5 ዓመቱ ሲሞላም አያበቃም። ቪዛሽ ሲጠየቅ «ችግር ቢደርስባት እኔ እችላታለሁ» ብዬ የምፈርምበት አይ-864 የሚባል ቅጽ አለ። በዚያ ፊርማ ምክንያት የኔ ገቢ እንደ አንቺ ገቢ ሊቆጠር ይችላል፤ ያ ደግሞ ከሜዲኬይድ ውጭ ያደርግሻል። ፊርማው የሚወርደው ዜግነት ስታገኚ፣ ወይም 10 ዓመት ያህል የሥራ ዘመን ሲቆጠር ነው።

እንግዲህ መንገዱ ዜግነት ነው ማለት ነው። ለዜግነት 5 ዓመት መኖር፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ መፈተን ያስፈልጋል። ዕድሜው ከ55 በላይ ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ አንቺ ዘንድሮ በ71 ዓመትሽ ብትመጪ 86 ሲሆንሽ መሆኑ ነው። ሐኪም ኤን-648 በሚባል ቅጽ ሕመሟ መማር አያስችላትም ብሎ ቢመሰክርም ነፃ ያደርጋል፤ «አርጅታለች» ብቻ ግን ምክንያት አይሆንም። በመሃልም ከ6 ወር በላይ ድሬ ብትቀመጪ ያ የመኖሪያ ጊዜ ተቋረጠ ወይስ አልተቋረጠም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ዓመት ካለፈ ደግሞ ግሪን ካርዱም ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ክረምቱን እዚያ፣ በጋውን እዚህ የሚለው ሐሳብሽ በዚህ ምክንያት እንዳሰብሽው የሚቀል አይደለም።

ስለ ቤቱ። ሚኒሶታ ውስጥ ብቻውን ለሆነ አረጋዊ የሚፈቀደው ንብረት 3,000 ዶላር ነው። ድሬ ያለ፣ ካርታው በስምሽ የሆነ፣ አንቺ የማትኖሪበት ቤት ሊቆጠር የሚችል ንብረት ስለሆነ መናገር ግዴታ ነው፤ መደበቅ ወንጀል ነው። «እንግዲያውስ በስጦታ ውል ለእህቴ ላዙረው» ማለትም ችግር አለው፤ ወደ አረጋውያን መጦሪያ መግባት ያስፈለገ ቀን የ60 ወር የኋላ ሰነድ ይመረመራል፣ ከዋጋው በታች የተላለፈ ንብረት ያስቀጣል። ስለዚህ ወደ ውልና ማስረጃ ገና እንዳትሄጂ።

ይህ ሁሉ አልፎ ሜዲኬይዱ ቢፈቀድልሽስ? ከካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) መርማሪ ቤት ድረስ ትመጣለች። የምትጠይቀው ስለ ስምንት ነገር ነው፤ መልበስ፣ ፀጉርና ጥርስን መሰናዳት፣ ገላ መታጠብ፣ መብላት፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ መራመድ፣ ተኝቶ ጎን መቀየር፣ መጸዳዳት። በያንዳንዱ ላይ የሌላ ሰው እጅ ወይም ያልተቋረጠ ጥበቃ ያስፈልጋል ወይ ነው ጥያቄው። የኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ እማዬ። እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ብድግ ብለው ቡና ያፈላሉ። «ራስዎ ይታጠባሉ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ሆኜ» ይላሉ። መርማሪዋም «ራሷን ችላለች» ብላ ትጽፋለች፤ የሚፈቀደው የእርዳታ ሰዓት ዜሮ ይሆናል። ከበሽታው ስም ይልቅ የሚቆጠረው ከበድ ባለው ቀን ምን እንደሚያቅት ነው። ልጆችም በእናታቸው ፈንታ እየመለሱ ሲያጋንኑ ይገኛሉ፤ አስተርጓሚ በነፃ ስለሚቀርብ ልጁ ባያስተረጉም ነው የሚሻለው።

ጊዜው የሚፈቀደው በ15 ደቂቃ እየተቆረጠ ነው። በቀን 10 ክፍል ቢሰጥሽ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ምግብ ማብሰሉ፣ ልብስ ማጠቡ ከዚያው ጊዜ ላይ የሚሠራ ነው። መርፌ መውጋት ለፒሲኤ ሠራተኛ ክልክል ነው። ልጅ ለአቅመ አዳም የደረሰ ከሆነ ሠራተኛ ሆኖ ሊቀጠር ይችላል፤ ግን ያው ልጅ የእናቱ ሕጋዊ ተወካይ ሆኖ መፈረም አይችልም፣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መግቢያና መውጫ ሰዓቱ በስልክ ይመዘገባል፤ በፈረንጅ 2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ አገልግሎቱን፣ ተቀባዩን፣ ሰጪውን፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን መያዝ ያዛል። ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ቤት እንደረዳሁሽ አድርጌ የምሞላው ሰዓት አይከፈልም፤ በጥንቃቄ ማነስ በዚች የሚከሰስ ሰው አለ። ድሬ መጥቼ ባስታምምሽም አይከፈለኝም፤ ሜዲኬይድ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም።

እንግዲህ ለዚህ ደመወዝ ብለሽ ሻንጣ አትዝጊ። ልጆቹን ልይ፣ ከናንተ ጋር ልኑር ካልሽ ግን ቤቴ ቤትሽ ነው፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ የሚጠቅመን አለ፤ ያለ መንግሥትም ይሠራል። አሁን ቤት ያለችው ሠራተኛ የተቀጠረችው ለወጥና ለእንጀራ ስለሆነ አንቺን ማጠብ «ትርፍ ሥራ» ይሆንባታል፤ አንቺም ታፍሪና ሳትጠይቂያት ብቻሽን መታጠቢያ ቤት ትገቢያለሽ። ባለፈው የተንሸራተትሽው በዚህ ነው። ስለዚህ ለጠዋትና ለማታ ብቻ የምትመጣ ሌላ ሰው እንቅጠር፤ የምከፍለው እኔ ነኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ እህቴ በደብተር ላይ ስምንቱን ነገር ታስምርና ለ7 ቀን በያንዳንዱ የወሰደውን ደቂቃ ትጻፍ። የተረዳሽው በእጅ ነው ወይስ አጠገብሽ በመቆም ብቻ፣ እሱንም ለይታ ትጻፍ። ግምት አይሁን፤ ከአዲሷ ሠራተኛ ጋር የምንዋዋለው በዚያ ላይ ነው።

ደብተሩ እስኪሞላ ሦስት ነገር ይሠራ። መታጠቢያው ውስጥ እግሩ የማይንሸራተት የፕላስቲክ ወንበር ይግባ፣ ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ። ግድግዳው ላይ ብረት መያዣ በቡሎን ይታሰር፤ የፎጣ መስቀያው ክብደት አይችልም። ግቢ የምትተኚበት አልጋ ዝቅተኛ ስለሆነ ለጉልበትሽ ክፉ ነው፤ ቁጭ ስትዪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ እንዳይበልጥ ከሥሩ ብሎኬት ይደረግበት፣ ግን እንዳይወዛወዝ። የምታነሣሽም ሰው በብብትሽ ይዛ አትጎትትሽ፤ ትከሻ ይነቅላል። ወደ አልጋው ጠርዝ ቀረብ በይ፣ እግርሽን ወደ ራስሽ ሰብስቢ፣ ደረትሽን ወደ ፊት ዘንበል አድርገሽ በእጅሽ ፍራሹን ገፍተሽ ተነሺ፤ እሷ ጎንሽ ቆማ ወገብሽን ትደግፍ።

እህቴ ደብተሩን ገጽ በገጽ አንሥታ በቴሌግራም ትላክልኝ። የቤቱን ካርታም ፎቶ አብራ ትላክ፤ በማን ስም እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ፣ የአባዬ ስም አሁንም ያለበት ይመስለኛል።

ልጆቹ እጅሽን ስመዋል። ጾሙ ሲፈታ እደውላለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ