ክልሎች ለአንድ ቀበሌ አደጋም ይዘጋጁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማው ማሳሰቢያ አንድ ነው። «በተዳፋት አካባቢ የምትኖሩ ተጠንቀቁ» ይባላል። እሺ፣ ይጠንቀቁ። ግን ወዴት ይሂዱ? መቼ እንደሚወጡስ ማን ይነግራቸዋል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አሟሟታቸው ነው። አፈር የተጫናቸውን ለማውጣት ጎረቤት ተጠራርቶ ወጣ፤ በአካፋና በባዶ እጁ ሲቆፍር መሬቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተናደና ለእርዳታ የሮጡትን ጭምር ቀበራቸው። ማንም ኢትዮጵያዊ በእነሱ ቦታ ቢሆን ይሮጥ ነበር። የተናደ ቦታ ደግሞ ሊናድ ይችላል፣ ሁላችሁም አትግቡ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቅ የሚል የሠለጠነ ሰው በየቀበሌው ማኖር ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ለድርቅ ኮሚቴም መጋዘንም አለን። በአንድ ሌሊት አንድ መንደር ለሚያጠፋ አደጋ ግን የክልሎች ዝግጅት ስስ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ እህል ከማደል በፊት መከላከል ይቅደም ይላል። ጥሩ ብሏል፤ ቀበሌ ድረስ አልወረደም እንጂ።

ምልክቱን እኮ ገበሬው ያውቀዋል። መሬት ይሰነጠቃል፣ ዛፍና አጥር ይዘማል፣ የምንጭ ውሃ በድንገት ይደፈርሳል። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ለተፋሰስ ሥራ ተራራ ሲወጣ የልማት ሠራተኛው አብሮ ነው፤ ያየውን ስንጥቅ መዝግቦ ለወረዳው ቢያሳውቅ ምን ይከብዳል? የዕድር ጥሩምባም አለ። ሲነፋ ሁሉም ይሰበሰባል። «ሽሹ» የሚል የተለየ አነፋፍ መንደሩ ይስማማበትና በዓመት አንዴ ይለማመደው። ለጎርፍም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀው ውሃ ከላይ ከደጋው የወረደ ነበር፤ ከላይ ያለው ቀበሌ ለታችኛው የሚደውልበት ቁጥር ይኑረው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ያኔ ዝናቡ ገብቷል፤ ደቡብ ላይማ በልጉ ቀድሞ መሬቱን አርሶታል። ስለዚህ የክልል ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ ለመከላከል ብቻ የሚውል፣ ለመኪና ነዳጅና ለስብሰባ አበል የማይዞር ገንዘብ ይለዩ፤ እሱም እስከ ጥር ወረዳ ይድረስ። ከሁሉ በፊት መሬታቸው የተሰነጠቀባቸው ቤተሰቦች ከዝናቡ በፊት ይነሱበት። «ተነሱ» ማለት ብቻ ደግሞ አይበቃም። የሚያርሰው መሬት ካልተሰጠው ማንም ማሳውን ጥሎ አይሄድም፤ ቢሄድም ይመለሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከአርባ ምንጭ